እማማ መርፌና የመኝታ ቤቱ ስልክ

ሰው ከጠላቱ የሚመጣበትን ጉዳት አስቀድሞ ይጠረጥራል፤ ከሚወደው ሰው የሚመጣበትን ግን በሩን ከፍቶ ያስገባዋል። ይህ የደረሰበት የአንድ ቤተሰብ ታሪክ እንዲህ ነው።

በዕድሜ የገፉ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበሩ። መርፌ ከጣታቸው ስለማይለይ የሰፈሩ ሰው «እማማ መርፌ» ይላቸዋል። ባላቸው ቀደም ብለው ስላረፉ አንድ ልጃቸውን በስፌት አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አብቅተውታል። ልጁ በጭነት መርከብ ላይ ሞተር ጠጋኝ ስለሆነ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ላይ ነው፤ መርከቡ ወደብ ሲይዝ ብቻ ወደ ቤት ይደውላል። እናቲቱ ከምራታቸው ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ምራታቸው መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ዝምተኛና ሰው አክባሪ ናት።

አንድ ቀን እማማ መርፌ የመጋረጃ ጨርቅ ተሸክመው ደረጃውን ሲወጡ፣ ምድር ቤት የሚኖረው ወጣት ከኋላቸው ደርሶ ሸክሙን ተቀበላቸው። ይህ ወጣት ትምህርቱን ጨርሶ በስልክ መሥሪያ ቤት በመሐንዲስነት የተቀጠረው በቅርቡ ነው። እሳቸውም ሲያብሰለስሉት የከረሙት ጉዳይ ስለነበራቸው፣ እግዜር የላከላቸው መሰላቸውና ቤት ድረስ ይዘውት ገቡ።

ሳሎኑ ግማሹ ቤት፣ ግማሹ ሱቅ ነው። በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪና ቆሟል፤ በአንዱ ማዕዘን ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት ቦታ በወፍራም ጨርቅ ተጋርዷል። እማማ መርፌ ሻይ ካቀረቡለት በኋላ ወደ መኝታ ክፍላቸው ወስደው ከአልጋቸው ራስጌ ያለውን ስልክ አሳዩት። ባላቸው አልጋ ላይ በዋሉ ጊዜ ከሳሎኑ መስመር ተቀጥሎ የገባ ሁለተኛ ስልክ ነው። ይህንን ሲያነሱት በሳሎኑ ስልክ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የሚነጋገሩትም ሰዎች ድምፅ ይቀንሳል። እንደዚያ እንዳይሆን አድርግልኝ አሉት።

ወጣቱ ለምን እንደፈለጉት ጠየቃቸው። እሳቸውም ሳይሸሽጉ ነገሩት። ልጃቸው ሲደውል ከሚስቱ ጋር ረዥም ሰዓት ያወራል፤ ለእናቱ የሚደርሳቸው ግን «እማዬ ደህና ነሽ? ጤናሽን ጠብቂ» ብቻ ነው። ስለዚህ ይህንን ስልክ አንስተው፣ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ያዳምጡታል፤ ቀጭ የሚለውን ድምፅ ባልና ሚስቱ እስካሁን የመስመር ብልሽት ይመስላቸዋል።

«እማማ፣ ሥራው ለእኔ ቀላል ነው፤ ግን አላደርገውም» አላቸው።

«ምነው ልጄ? የባዕድ ሰው ወሬ የሰማሁ መሰለህ? ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት ልጅ ድምፅ እኮ ነው።»

«ድምፁን መስማትዎ ምንም አይደለም። ሳያውቅ መስማትዎ ነው ጥፋቱ። በእኛ ሥራ ይህ ስሙ ስልክ ጠለፋ ነው።»

እማማ መርፌ ፈገግ አሉ። «እኔ የማውቀው የቀሚስ ጥልፍ ነው። እሱም ያስጌጣል እንጂ ማንንም አይጎዳም።»

«የቀሚሱ ጥልፍ በባለቤቱ ፈቃድ ነዋ የሚጠለፈው» ብሎ እሱም ሳቀ። ከዚያም መሥሪያ ቤቱ ሲቀጥረው መጀመሪያ ያስማለው የሰው ንግግር እንዳያዳምጥ መሆኑን ነገራቸው። መስመር ሲፈትሹ የሰው ወሬ ጆሯቸው ከገባ ወዲያው መንቀል ግዴታቸው ነው፤ የሰሙትንም ለሌላ መናገር ያስከስሳቸዋል። ፖሊስ እንኳ ወንጀል ቢጠረጥር ዳኛ ሳያዝ የሰው ስልክ ሊጠልፍ አይፈቀድለትም አላቸው።

እማማ መርፌ ግን በዚህ አልተበገሩም። «ይህ ለሌባና ለመንግሥት ነው። ንጹሕ ሰው ምን የሚደብቀው አለ? ክፉ ካልተነጋገሩ ቢሰማ ምን ይጎድልባቸዋል?»

ወጣቱ በበሩ በኩል ወደ ሳሎኑ ማዕዘን አመለከተ። «እዚያ መጋረጃ ውስጥ ልብስ የሚለኩት ሴቶች ምን ክፉ ሠርተው ነው የሚጋረዱት?»

«አይ አንተ፣ ያ ሌላ ነው።»

«አንዱ መጥቶ መጋረጃውን ቢገልጥስ?»

«እጁን በመቀስ ነው የምለው» አሉ እማማ መርፌ ሳያስቡት።

«ባልና ሚስትም የሆዳቸውን ሲጫወቱ ልብሳቸውን እንዳወለቁ ናቸው፣ እማማ። የሚያሳፍር ነገር ስላላቸው አይደለም። ገላቸው የራሳቸው ስለሆነ ነው።»

ልብ በሉ፣ እኚህ ሴት ክፉ ሰው አልነበሩም። የጎረቤት ደብዳቤ ደረጃ ላይ ወድቆ ቢያገኙ ሳያገላብጡ በር ስር የሚያስገቡ ናቸው። ነገር ግን ብዙዎቻችን እንደምናስበው፣ ፍቅር ካለ ፈቃድ አያስፈልግም ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ የመጨረሻ መከራከሪያቸውን አወጡ፤ እናት ነኝ፣ ችግራቸውን ካልሰማሁ በምን ላግዛቸው አሉ።

ወጣቱ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እስካሁን በሰሙት ምን አገዟቸው?» ሲል ጠየቃቸው።

እማማ መርፌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነበር።

ከወራት በፊት ልጃቸው መርከቡ እንደሰለቸው፣ ከሞተሩ ጩኸት የተነሳ እንቅልፍ እንዳጣ፣ ውሉ ሲያልቅ መልቀቅ እንደሚፈልግ ለሚስቱ ነግሯት ነበር። በየብስ ሥራ እስኪያገኝም ለማንም እንዳትናገር ለመናት። እናቲቱ በመኝታ ቤቱ ስልክ ይህንን ሰምተው ደነገጡ፤ ልጄ እንጀራውን ሊረግጥ ነው ብለው ሥራውን ወዳፈላለገለት ወንድማቸው ዘንድ ሮጡ። አጎትየውም በመርከብ ድርጅቱ በኩል አፈላልጎ ደውሎ ልጁን ፈሪ ብሎ ሰደበው። ልጁ ምስጢሩን የነገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነበርና የከዳችው ሚስቱ መሰለችው። ከዚያ ወዲህ የባልና የሚስት ጨዋታ «ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ» ሆኖ ቀረ። እሷ ጥፋቷን አታውቅም፤ ከስታለች፤ እህቷ ቤት ሄዳ መኖር እንደምትፈልግ መናገርም ጀምራለች። እማማ መርፌ ስልኩ ድምፅ እንዳያሰማ የፈለጉት፣ ነገሩ የት እንደደረሰ ለመስማት ነበር።

«እኔ ነኝ ብዬ እንዳልናገር አፌ ተያዘ» አሉ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።»

«በቅቤ አይታሽም። በእውነት ግን ይታሻል» አለ ወጣቱ።

«ብነግራት ትጠላኛለች።»

«ልትጠላዎት ትችላለች፤ አትጠላዎትም ብዬ አልዋሽዎትም። ዛሬ ግን ሁለት ንጹሐን ሰዎች ባላጠፉት ጥፋት እየተጠላሉ ነው።»

እማማ መርፌ ስልኩን ለረዥም ጊዜ አዩት። ባላቸው በዚያ ስልክ የመጨረሻውን ስንብት ከልጃቸው ጋር ተነጋግረውበታል፤ ሁለቱ ሲያወሩ እሳቸው ከክፍሉ ወጥተው በሩን ዘግተውላቸው እንደነበር ትዝ አላቸው። በዚያን ቀን ማንም ውጪ ያላቸው አልነበረም፤ ልባቸው ነበር ያስወጣቸው። እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ «ንቀልልኝ» አሉት። ወጣቱም ሽቦውን ነቅሎ፣ ስልኩን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣቸው።

ምራታቸው ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እስክታወልቅ እንኳ አልጠበቁም። ቆመው ሁሉንም ነገሯት። እሷ ቦርሳዋን በእጇ እንደያዘች አዳመጠች።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ሲያኮርፈኝ እያዩ ዝም አሉ?» አለች።

«ዝም አልኩ።»

ክፍሏ ገባች። በማግስቱም ቁርሷን ለብቻዋ በላች። ወደ ሥራ ስትወጣ ግን በሩ ላይ ቆም ብላ፣ «ሲደውል እርስዎ ይንገሩት፤ እኔ ብነግረው ራሴን ለማዳን ይመስለዋል» አለቻቸው።

ልጁ የደወለው ምራታቸው ቤት በነበረችበት በእሑድ ቀን ነው። እማማ መርፌ ስልኩን አንስተው ሰላምታውን እንኳ ሳያስጨርሱ፣ ለአጎቱ የነገሩት እሳቸው መሆናቸውን፣ እንዴት እንደሰሙም ነገሩት። እሱም፣ «እማዬ፣ ሚስቴን አቅርቢልኝ» አለ። ስልኩን ሰጧትና ደረጃውን ወርደው ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እጃቸው መርፌ ያልያዘበትን ሰዓት ያን ቀን ነው ጎረቤት ያየው።

ይህ ከሆነ ወዲህ በዚያ ቤት የተገኘውን ጥቅም ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። ባልና ሚስቱ ተመካክረው፣ እሱ ውሉን በወጉ ጨርሶ ወደብ ላይ ካለ የጥገና ጋራዥ ገባ፤ አጎትየው ሳይቀር ይቅርታ ጠየቀ። ምራቲቱ ቀድሞ የማትናገረውን ጉዳይ ራሷ እያመጣች አማቷን ታማክራለች፤ በጆሮ ከተሰረቀ አሥር ምስጢር ይልቅ በፈቃድ የተሰጠ አንድ ቃል ቤት ያቆማልና። እማማ መርፌም ደንበኞቻቸው የልጆቻቸውን ስልክ መጎርጎር እንዳለባቸው ሲያወሩ ከሰሙ የስፌት መኪናቸውን ያቆማሉ። «ጠይቁት እንጂ አትጥለፉት። የሚታመን ልጅ ይናገራል፤ የሚሰለል ልጅ መደበቅ ይማራል» ይላሉ።

ያን እሑድ ግን ገና ይህ ሁሉ አልታወቀም ነበር። ምራታቸው በመስኮት ብቅ ብላ «እማዬ፣ ይምጡ» ስትላቸው፣ እማማ መርፌ ደረጃውን ወጡ። ዓይኗ ቀልቷል፤ ፊቷ ግን በርቷል። ስልኩን አቀበለቻቸው።

«እርስዎን ብቻ ነው የፈለገው» አለችና ወጥታ በሩን ከውጭ ዘጋችላቸው።

እናትና ልጅ ለረዥም ጊዜ ተጨዋወቱ። ምን እንደተባባሉ ምራታቸው አልጠየቀቻቸውም፤ እኛም አንጠይቅም።