አማቴ ውሃ ልትጠጣ ስትመጣ

ክቡር ኃላፊያችን አቶ ንያቲ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የሁዋንጌ ፓርክ ባልደረቦቼ!

ለዚህ ሁሉ የጡረታ መሸኛ ድግስ እግዜር ይስጥልኝ። ፍየሉ ታርዷል፣ የበቆሎ ገንፎው ሳድዛ ተቆልሏል፤ እኔ ግን ጆሮዬ ጭር ብሎብኛል። ዕድሜዬን ሙሉ የውሃ ፓምፕ ሞተር ሲያንባርቅብኝ ኖሬ፣ ዛሬ የራሴን ድምፅ ስሰማ ገረመኝ።

በሥራዬ እኮራለሁ፤ ምን እደብቃለሁ? በዚያ ሁሉ በጋ አውሬው የሚጠጣበት የእኛ ኩሬ ደርቆ አያውቅም። አንዴ ግን ለጥቂት ነው የተረፈው።

ሚስቴ ዛንዲሌ ከንድሎቩ፣ ከዝሆን ጎሳ መሆኗን ታውቃላችሁ። ስለዚህ መንጋውን የምትመራውን፣ ጆሮዋ የተቀደደውን አሮጊት ዝሆን «አማቴ» እላታለሁ። ሳቁ፣ ሳቁ! አማት ስትመጣ ምን እናደርጋለን? ዓይኗን አናይም፣ መንገድ እንለቃለን፣ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ለዝሆን ከዚህ የተሻለ ደንብ ማን አለው?

በዚያ ክፉ ድርቅ የሞተሩ ቺንጋ ተበጠሰ። አዲሱን ይዤ ከቤት ስወጣ መንጋው የሞተር ቤቱን ከቦታል። ኩሬው ጭቃ ሆኗል። አንድ ግልገል ጉልበቱ ከድቶት እናቱ በኩምቢዋ ደግፋዋለች። ዛንዲሌ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«አብደሃል? ይረግጡሃል እኮ!»

«ያንቺ ዘመዶች አይደሉ?»

«ናቸው። እንግዲያው እንደ አማች ሂድ!»

እንደ አማች ሄድኩ። አንገቴን ደፍቼ፣ በጎን በጎን፣ «ይቅርታ እናቴ፣ ይቅርታ እናቴ» እያልኩ። የአሮጊቷ ትንፋሽ አናቴ ላይ ወረደ። ከዚያ ቀስ ብላ ገለል አለችልኝ። ቺንጋውን አስገባሁ፣ የማስነሻውን ማኑዌላ አዞርኩ፣ ሞተሩ ተነሳ! ግልገሉ ከቧንቧው አፍ ጠጣ። ዛሬ የአቶ ንያቲን አጥር የሚገነድሰው ኮርማ እሱ ነው። ስለ አጥሩ ይቅርታ፣ ጌታዬ፤ እኔ ግን ኮርቼበታለሁ!

እውነተኛዋ አማቴ ወሬውን ስትሰማ «የእኔ ጆሮ ተቀዷል?» ብላ አኩርፋኝ ነበር። ኋላ ግን ለመንደሩ ሁሉ የምታወራው እሷው ሆነች።

ኖማላንጋ፣ ቦታዬን የምትረከቢው አንቺ ነሽ። ትናንት «ያንተ አማት ለእኔ ምኔ ናት?» ብለሽኛል። ውሃዋን አጠጫት እንጂ ዝምድናውን ራሷ ታገኝልሻለች።

ሞተራችሁ በአንድ ዙር ይነሳ። ኩሬያችሁ አይጉደል። ጥበቃ የምትወጡ ሁሉ በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ። ልጆቻችሁ ዝሆንን በደጃቸው እያዩ ይደጉ።

በይ ኖማላንጋ፣ እለፊ። አንገቴን ደፍቼ መንገድ ለቅቄልሻለሁ።