ነጩን ክር የደበቀ ጣሪያ

መነጽር መሥራት ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ መሀል መንገድ ላይ ቆሜ የተሰደብኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ስድቡ ለእኔ አይገባም ነበር፤ ቁጣው ግን እውነት ነበረው።

ማክሰኞ ከምሳ ስመለስ መታጠፊያው ላይ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ባለፈው ዓመት መነጽር የሠራሁላቸው ሴት ናቸው። መቀሳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘዋል።

«እንዴት ዋሉ፣ እትዬ?»

«ምን መዋል አለ! የአንተ መነጽር ጉድ ሠራኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ከሰፋሁበት ቤት፣ ዛሬ በአሥራ አንድ ባልደረቦቼ ፊት ‹ዓይንሽ ጠፍቷል፤ ቤትሽ ግቢ› ተባልኩ። የሙሽራ ቀሚስ በክሬም ክር ዘምዝሜ ኖሯል። ነጭ መስሎኝ እኮ ነው!»

ነገሩ ከነከነኝ። ይዣቸው ወደ መመርመሪያ ክፍሌ ገባሁ። የመጨረሻዋን ትንሽ ፊደል ሳይቀር አነበቡ። ከቦርሳቸው ነጭና ክሬም ክር አውጥተው በመስኮቱ አጠገብ ሳያመነቱ ለዩልኝ። ዓይናቸውም መነጽሩም እንከን አልነበረውም። እንግዲያስ ጥፋተኛው ማን ነው? ደሜ ፈላ።

«ይነሱ፣ አብረን እንሂድ» አልኳቸው።

«እኔ ያን ደጅ ዳግመኛ አልረግጥም» አሉ። ብቻዬን ሄድኩ።

የስፌት ቤቱን ባለቤት ሰፈሩ «ጋሼ ሜትር» ይላቸዋል፤ የልኬት ሜትራቸው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅምና። ቤቱ መስኮት የሌለው ረጅም አዳራሽ ነው። ብርሃን የሚያገኘው በቆርቆሮው መሀል ከተገጠሙ የፕላስቲክ ሰሌዳዎች ብቻ ነው። ገና ስገባ ነጩ ጋዋኔ ሻይ የተደፋበት መሰለ።

የጋሼ የእህት ልጅ መሰላል ላይ ወጥታ ጣሪያውን ትመረምራለች። የግንባታ ትምህርት የተማረች ወጣት ናት፤ ጣሪያው ጨርቅ ላይ እያፈሰሰ አስቸግሯቸው ነው የጠሯት።

«ጋሼ፣ የሴትዮዋ ዓይን ጤነኛ ነው» አልኩ፣ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም።

«ደንበኛህ ስለሆነች ነዋ! ነጭና ክሬም የማትለይ ልብስ ሰፊ ምን ትሠራልኛለች?»

ልጅቱ ከላይ ሆና፣ «አጎቴ፣ እርስዎስ ይለያሉ?» አለች።

«አንቺ ቀዳዳውን ድፈኚ!»

«የታመመው ቀዳዳው ብቻ አይደለም፤ ሰሌዳው በሙሉ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ! ጣሪያው ባጠፋ ሰው ያባርራሉ?»

ወርዳ ሁለት ክር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እስቲ ነጩን ያንሱልኝ።»

ጋሼ በኩራት አነሱ። ክንዳቸውን ይዛ ወደ ደጅ አወጣቻቸው። በፀሐዩ ብርሃን መዳፋቸው ላይ የነበረው ክሬሙ ነበር። አሥራ አንዱም ልብስ ሰፊዎች ከበር ላይ ሆነው ያያሉ።

ሽማግሌው ግን እጅ አልሰጡም። «ሰሌዳው ስገዛው እንደ ውሃ የጠራ ነበር። አምስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ሻጩም ‹ይህ አይሰበርም› ብሎኛል።»

«አይሰበርም ማለት ፀሐይ አያስረጀውም ማለት ነው እንዴ? ፕላስቲክን ፀሐይ ይበላዋል፣ አጎቴ። መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይደበዝዛል፣ በመጨረሻ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰባበራል። ለደጅ የሚሠራው ጨረሩን የሚመክት ስስ ሽፋን አለው፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ፊቱ ብቻ። ያ ፊት ወደ ሰማይ ካልዞረ እንደሌለ ነው። የትኛው እንደሆነ በላዩ በተለጠፈው ላስቲክ ላይ ተጽፏል።»

«ጽሑፍ ያለበትን ላስቲክማ» አሉ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ገና መሬት ላይ ሳለ ራሴ ላጥኩት። አስቀያሚ ነበር።»

ልጅቱ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ከላይ ያወረደችውን ስባሪ አሳየችን። በቆርቆሮው ጥላ ሥር የቆየው ጠርዝ ዛሬም ጥርት ያለ ነው፤ ፀሐይ ያገኘው ወገን ግን እንደ አሮጌ ጥርስ ቢጫ ሆኗል። በአውራ ጣቷ ጫን ብትለው ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«የሚያፈሰውም ለዚህ ነው። ፕላስቲክ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ እናንተ ቀዳዳውን በብሎኑ ልክ አጥብባችሁ ሰነጠቃችሁት። ነገ ደግሞ በሰው አናት ላይ ይወርዳል!»

«እንግዲያስ እንደ ድሮው መስታወት ላስገባ።»

«መስታወት ፀሐይ አይጎዳውም፤ ግን ይከብዳል፣ ከወደቀም አይምርም። ፕላስቲክ አይግዙ አላልኩም፤ የሚገዙትን ይወቁ ነው ያልኩት።»

እኔን ያበሸቀኝ ይህ ነው። በእኛ ዘንድ ሥራ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሰው ነው፤ ያውም አፍ የሌለው ሰው። ዕቃ ስንገዛ «ዋጋው ስንት ነው?» እንላለን እንጂ «ስንት ዓመት ፀሐይ ይችላል?» ብለን አንጠይቅም። ያላዋቂነታችንን ዕዳ ደግሞ ሌላው ይከፍላል።

ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ በመጨረሻ። ያንኑ ዕለት ሴትዮዋ ቤት ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። እትዬ ግን ከደጃፋቸው ፈቀቅ አላሉም።

«የሰደቡኝ እዚህ ነው? በሰደቡኝ ቦታ፣ በሰሙት ሰዎች ፊት ስድቡን ያንሱልኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌው በአሥራ አንዱ ፊት ቆመው፣ «የእሷ ዓይን አልጠፋም፤ ያልታየኝ እኔ ነኝ» አሉ። እትዬ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ፤ ከዚያ የስፌት መኪናቸውን አንስተው ወደ ግቢው ወጡ።

«ወዴት ነው?» አሉ ጋሼ ደንግጠው።

«ጣሪያው እስኪለወጥ ነጭ ልብስ የምሰፋው ደጅ ነው።»

አንዷ ተከተለች፤ ከዚያ ሌላዋ። ረፋዱ ላይ አሥራ ሁለቱም መኪኖች ግቢ ውስጥ ይንጫጩ ነበር። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ጠየቀ፤ እነሱም ሳይደብቁ ነገሩ። በዘጠነኛው ቀን ጣሪያው ተለወጠ። የፀሐይ መከላከያው ፊት ወደ ላይ ሆነ፤ ቀዳዳዎቹ ከብሎኑ ሰፋ ተደረጉ፤ ላስቲኩ የተላጠው ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ነው። የስንት ዓመት ዋስትና እንዳለው ሻጩ በጽሑፍ ሰጠ።

ዛሬ በዚያ ቤት ነጭና ክሬም ክር አይምታታም፣ ጨርቅ አይረጥብም፣ ዓይኔን አመመኝ ብሎ እኔ ዘንድ የሚመጣም የለም። ሰሌዳዎቹ በለስላሳ ጨርቅና በሳሙና ውሃ ይታጠባሉ፤ በሽቦ የሚፈትግ ወይም በቤንዚን የሚጠርግ ቢገኝ ጋሼ ራሳቸው ያባርሩታል።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካይ ለበረንዳው ሰሌዳ ሊሰቅል ላስቲኩን መሬት ላይ ሲልጥ ጋሼ አዩት። የሚለኩትን ሰው ጥለው ወደ መንገዱ ሮጡ።

«አንተ ሰው፣ ተው!» ሲሉ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። «እኔ ሳላነብ ልጬ፣ ንጹሕ ሰው ነው ያዋረድኩት!»