የሁለተኛዋ ልጅ አባት

ፎቶ አንሺው ውሸቱን ተናግሮ ሳይጨርስ የእህቱ ልጅ በሩ ላይ ደረሰች። ለወትሮው በዓመት አንዴ ብቅ ብትል ነው። ያን ዕለት ግን አውቶቡስ አመለጣትና፣ ሌላው እስኪመጣ ፀሐይ ላይ ከምቆም ብላ፣ ለአዲሱ የአስተማሪነት መታወቂያዋ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ ወደ አጎቷ ጎራ አለች።

ውሸቱ ይነገር የነበረው ለላውንደሪዋ ነው። ላውንደሪዋ የምንላት ከፎቶ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ክፍል የሰው ልብስ እያጠበችና እየተኮሰች ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት፤ ሰፈሩ በሥራዋ ነው የሚጠራት። ፎቶ አንሺውንም እንዲሁ «ጋሽ አትንቀሳቀስ» ይሉታል፤ ቃሉ ከአፉ አይጠፋምና።

«ምዝገባው ነገ እኮ ነው የሚዘጋው፣ ጋሼ» አለችው ላውንደሪዋ፣ እርጥብ እጇን በሽርጧ እያደረቀች። «ያለ ጉርድ ፎቶ አንመዘግብም አሉኝ። ልጅቷ ከተነሳች ሰነበተች፤ እኔም ይኸው እመላለሳለሁ።»

«ምን ላድርግ እህቴ? ቀለም አልቋል አልኩሽ። ማተሚያው ያለ ቀለም ምን ሊያወጣ ነው? አቅራቢው ዛሬ ነገ እያለ አጉላላኝ። ደግሞስ ምን ያስቸኩላል? ልጅ ናት፣ ለከርሞ ትደርሳለች።»

ላውንደሪዋ ሌላ ምን ትበል! ሌላው ፎቶ ቤት ከከተማው ወዲያ ማዶ ነው፤ የደንበኞቿ ልብስ ደግሞ ተከምሮ ይጠብቃታል። «እሺ፣ እንግዲያውስ ነገ ማለዳ ብቅ እላለሁ» አለችና አንገቷን ደፍታ ስትወጣ በሩ ላይ ከእህቱ ልጅ ጋር ለጥቂት ሳይጋጩ ቀሩ።

ፎቶ አንሺው የእህቱን ልጅ ሲያይ ፊቱ በራ። አገላብጦ ሳማት፣ እናቷን ጠየቃት፣ በርጩማው ላይ አስቀመጣት፣ መብራቱን አስተካከለ። «አትንቀሳቀሺ!» አለና ካሜራውን ቀጭ አደረገው። «በቃ፣ አውቶቡስሽ ሳይመጣ አትሜና ቆርጬ እሰጥሻለሁ።»

«በምን ቀለም፣ ጋሼ?» አለች የእህቱ ልጅ።

ሰውዬው ማተሚያውን በገላው ሊከልል ሞከረ። ማተሚያው ደግሞ የሰው ገመና የሚሸፍን ዕቃ አይደለምና ዝዝዝ እያለ የእህቱን ልጅ ፊት ባለ ሙሉ ቀለም አድርጎ ማውጣት ጀምሯል።

እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር መናገር ይገባል። በዚያ ከተማ ተማሪዎቹን በፈተና ብቻ የሚቀበል አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ሁሉ ይመኘዋል፤ ገብቶ የሚማርበት ግን ጥቂቱ ነው። ፎቶ አንሺው ሚጡ የሚላት አንዲት ልጅ አለችው። ጎበዝ ናት፤ ከክፍሏ ሁለተኛ ትወጣለች። አንደኛዋ ማን ሆነችና! የላውንደሪዋ ልጅ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እሷ አንደኛ፣ ሚጡ ሁለተኛ። ሰፈሩ የልጅቷን ስም ረስቶ «አንደኛዋ» ይላታል፤ ያቺን ቃል በሰማ ቁጥር የፎቶ አንሺው ቆሽት እርር ይላል። ካርድ በተሰጠ ቀን የልጁን ውጤት ከማየቱ በፊት የጎረቤቱን ፊት ያያል። ፈገግ ካለች የዚያን ቀን ምሳ አይወርድለትም።

ሥራው ደግሞ ለቅናት የተመቸ ነው። ለምዝገባ የሚቀርበው ልጅ ሁሉ መጥቶ እሱ ፊት ይቀመጣል። የሰፈሩን ፀጉር አስተካካይ ልጅ አነሳው፤ ሰነፍ መሆኑን ስለሚያውቅ ኮሌታውን ሳይቀር አስተካከለለት። አንደኛዋ በርጩማው ላይ በተቀመጠች ቀን ግን ዓይኗን አየ፤ ቀጥ ብላ፣ ሳትርገበገብ፣ «አትንቀሳቀሺ» ሳትባል። ቀለሙ ያለቀው ያን ቀን ነው።

«እውነቱን ልንገርሽ» አለ ፎቶ አንሺው በመጨረሻ፣ ወንበር ስቦ እየተቀመጠ። «ቀለም አለ። ግን አንቺ አባት አይደለሽም፤ አይገባሽም። ልጄ ስምንት ዓመት ሙሉ ሁለተኛ ስትባል እየሰማሁ ኖርኩ። ቀንቻለሁ! ምን ይደረግ? አንድ ተፎካካሪ ቢቀንስ ምን አለበት?»

«ጋሼ፣ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝና ልጠይቅዎ። ትምህርት ቤቱ ተማሪ የሚቀበለው ከዚህ ሰፈር ብቻ ነው?»

«ከከተማው ሁሉ ነው እንጂ።»

«ታዲያ የከተማውን ልጅ ሁሉ እርስዎ ያነሱታል? የስንቱን ፎቶ ይዘው ይችሉታል? ማዶ ያለው ፎቶ ቤት ቀለም አላለቀበትም። የሚጡ ዕድል በአንዲት ልጅ መቅረት የፀጉር ቅንጣት ያህል አይሰፋም። የዚያች ልጅ ዕድል ግን ጨርሶ ይዘጋል። ለከርሞ ብለዋታል፤ ፈተናው ግን ለስምንተኛ ክፍል ጨራሽ ብቻ ነው። ለእሷ ከርሞ የሚባል የለም።»

ፎቶ አንሺው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አልነበረም። ሲናገረው ቀልሎት የነበረው ነገር ከሰው አፍ ሲሰማው ከበደው፤ ሆኖም እጅ አልሰጠም።

«አንቺ መጽሐፍ ነው የምታወሪው» አላት። «ውድድር ውድድር ነው። እኔ ለሚጡ የሚያስፈልገውን አድርጌያለሁ። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች ገዝቼላታለሁ። ማንም እንዳያይባት ጓዳ አስገብቼ፣ መጋረጃ ዘግቼ፣ ብቻዋን ነው የማስጠናት። መልሶቹን ከላይ እስከ ታች በቃሏ ትወጣቸዋለች። ለሰው እንዳታሳይም አስምያታለሁ።»

«መልሶቹን በቃሏ?» አለች አስተማሪዋ፤ ሳቋ ሊያመልጣት ምንም አልቀራት። «ጋሼ፣ የአምናው ጥያቄ ዘንድሮ አይመጣም እኮ። ያለፈ ፈተና የሚጠቅመው ሰዓት ይዘው ሲሠሩት፣ የሳቱትንም ለምን እንደሳቱ ሲፈልጉ ነው። እኔ እዚያ ትምህርት ቤት ስገባ እንዴት እንዳጠናሁ ያስታውሳሉ? ከእኔ በሒሳብ የምትበልጥ ልጅ ነበረች፤ አጠገቧ ተቀምጬ ነው የተማርኩት። እሷም እኔን ድርሰት ትጠይቀኝ ነበር። ሰው አንድ ነገር ማወቁን የሚያረጋግጠው ለሌላ ሲያስረዳ ነው። ለመጋረጃ ማን ያስረዳል?»

«ስታስረጂ ጉልበትሽን ሰጠሻት ማለት ነው!»

«አይቀንስም፣ ይጨምራል እንጂ። እስቲ ሚጡን ይጥሯትና ከትንሽነቷ ጀምሮ የሚያስቸግራትን ክፍልፋይ ማን እንዳስረዳት እንጠይቃት።»

«ራሷ ናታ!» አለና ፎቶ አንሺው በኩራት ተነሥቶ የጓዳውን በር ከፈተ። መጋረጃው ተዘግቷል፣ መብራቱ በርቷል፣ መጽሐፉ ተዘርግቷል። ሚጡ ግን የለችም። ወደ የጋራ ግቢው የሚያወጣው ትንሹ በር ገርበብ ብሏል።

ሁለቱም ወደ ግቢው ወጡ። የላውንደሪው የኋላ መስኮት ክፍት ነበር፤ እንፋሎት ይወጣበታል። ሁለቱ ልጆች በመተኮሻው ጠረጴዛ ዳርና ዳር ቆመው አንድ ነጭ አንሶላ ይዘዋል። አንደኛዋ አንሶላውን እያጠፈች፣ «ይኸውልሽ፣ ግማሹን ደግሞ ለሁለት ስታጥፊው ሩብ ሆነ። ቁጥሩ ከታች ሲያድግ ቁራሹ ያንሳል፤ አትደንግጪለት» ትላታለች። ሚጡም፣ «ገባኝ፤ አሁን ያንቺን ድርሰት እንይ። መግቢያው ላይ አንዱን ነገር ሦስቴ ትደጋግሚያለሽ፤ አስተካክይው» ስትል ሰሟት።

«ምን ያደርግልኛል?» አለች አንደኛዋ፣ አንሶላውን ቁልቁል እያየች። «ፎቶው ካልታተመ አልመዘገብም። ማሚ ተስፋ ቆርጣለች።»

«አባዬን ዛሬ እለምነዋለሁ» አለች ሚጡ። «አባዬ እንደሚመስለው አይደለም፣ ደግ ነው። ከየትም ብሎ ቀለም ያመጣልሻል። አንቺ ካልመጣሽ እኔ እዚያ ምን እሆናለሁ? አንቺ ባትኖሪ እኮ ሁለተኛም አልወጣም ነበር።»

ፎቶ አንሺው ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። ስምንት ዓመት ሙሉ ልጄን ወደ ኋላ ትጎትትብኛለች ይላት የነበረችው አንደኛዋ፣ ልጁን ወደ ላይ ስትስብ ኖራለች። ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበው ግን ያ «ደግ ነው» የሚለው ቃል ነበር። ቢሰደብ ይሻለው ነበር።

ቅናት እንዲህ ነው። ሰውን ዓይን አያሳጣውም፤ እንዲያውም አጥርቶ ያያል፤ የሚያየው ግን የጎረቤቱን ደጅ ብቻ ነው። የራሱ ልጅ በጓዳ በር ወጥታ ስትሄድ አያያትም።

የእህቱ ልጅ ቀድማ ወደ ፎቶ ቤቱ ተመለሰች። እሱም ተመልሶ የአንደኛዋን ፎቶ አተመ። ጠርዙን እንደ ሌላ ጊዜው ሳይሆን ትንፋሹን ይዞ ቆረጠው፣ በፖስታ ከተተውና በፊት ለፊቱ በር ወደ ላውንደሪው ገባ።

«ቀለም ተገኘ እንዴ?» አለች ላውንደሪዋ፣ ልጆቹን ወደ ግቢው ሸኝታ የያዘችውን ካውያ አቁማ።

«ቀለም አላለቀም ነበር፣ እህቴ። ፎቶውን ሆን ብዬ ነው ያስቀረሁት። በልጅሽ ቀናሁ።»

ሴትየዋ ፖስታውን ተቀበለች፤ ከፈተች፤ የልጇን ፊት አየች። ከዚያ ቀና ብላ ትኩር ብላ አየችው። ፎቶ አንሺው በዕድሜው ስንት ሰው ዓይን ውስጥ ተመልክቷል፤ ያን ዓይን ግን መቋቋም አቃተው።

«ልጄን ከመንገድ ልታስቀርብኝ?» አለችው። «እኔ ይህን ሁሉ ልብስ የምተኩሰው ለማን መሰለህ?» እስከ ዛሬ አንቱ ስትለው የኖረች ሴት አንተ ብላ ደነፋችበት። እሱም ይገባኛል አለ።

ብዙ ተናገረችው። ሲበርድላት ግን በርጩማ ላይ ተቀመጠችና፣ ሳይጠይቃት፣ ወለሉን እያየች እንዲህ አለች፦ «እኔስ ብሆን ምን ተሻልኩ? ያንቱ ልጅ ድርሰቷ ሲነበብ ወላጅ ሁሉ ያጨበጨበላት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የእኔዋን "ክፍልፋይዋን አታሳዪያት፣ ትበልጥሻለች" ብያት ነበር። እምቢ አለችኝ እንጂ።»

ሁለቱ ጎረቤታሞች ተያዩ። ከመስኮቱ ወዲያ ልጆቹ ይከራከራሉ፤ የወላጆቻቸው ምክር በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ወጥቷል። ላውንደሪዋ ቀድማ ሳቀች።

በማግስቱ ሁለቱም ልጆቻቸውን ይዘው አብረው ሄደው አስመዘገቡ። አስተማሪዋም ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ ባያመልጣትም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች አስጠናቻቸው። ፎቶ አንሺው የጓዳውን መጋረጃ አውልቆ ወንበር ጨመረበት፤ የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ሳይቀር ገባበት። ሰዓት ይዘው ያለፉትን ፈተናዎች ይሠራሉ፤ ሰዓቱ ሲሞላ አስተማሪዋ ብዕር ታስጥላቸዋለች። አንዱ የሳተውን ሌላው ያስረዳዋል። «ጥያቄውን ሳትጨርሱ መልስ አትፈልጉ፤ የከበዳችሁን አልፋችሁ ተመለሱበት፤ በዋዜማው ደግሞ ተኙ» ትላቸው ነበር። ፎቶ አንሺው መጀመሪያ «መተኛት ደግሞ ምክር ሆነ!» ብሎ ቢያፌዝም፣ ሚጡ በእንቅልፍ እጦት ማዛጋቷን ስትተው አይቶ አፉን ያዘ።

ውጤቱ ሲወጣ ሚጡም አንደኛዋም አለፉ። የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ለዚያ ትምህርት ቤት አልበቃም፤ ነገር ግን ሌላ ጥሩ ትምህርት ቤት ተቀበለው፤ አባቱም ልጄ መጽሐፍ መያዝ የጀመረው እዚያ ጓዳ ውስጥ ነው እያለ ለፀጉር ተስተካካዩ ሁሉ ያወራል። በመግቢያ ፈተናው ማን ከማን እንደበለጠ ሰፈሩ ማወቁ አልቀረም፤ በሒሳብ አንደኛዋ፣ በድርሰት ሚጡ በለጡ። በጠቅላላው ግን ያው አንደኛዋ አንደኛ ናት።

ትምህርት የተከፈተ ዕለት ሁለቱ ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው መንገዱን ሲያቋርጡ፣ ፎቶ አንሺውና የእህቱ ልጅ ደጃፉ ላይ ቆመው ይመለከቱ ነበር።

«እንግዲህ ቅናቱ ለቀቀዎት፣ ጋሼ?» አለችው እየሳቀች።

«ምን ይለቀኛል!» አለ ፎቶ አንሺው። «አሁን የባሰ ነው። በገዛ ልጄ እየቀናሁ ነው።»

«በሚጡ? ለምን?»

ፎቶ አንሺው ልጆቹን እስኪሰወሩ በዓይኑ ሸኛቸው።

«እኔ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ከእኔ የሚበልጥ ልጅ አጠገቤ ሲቀመጥ፣ ተነሥቼ ቦታ እቀይር ነበር።»