በሻይ ኮዳ የተገኘው ሜታዶን

የምስክር ስም፦ ኮንግ ሹዩን
ጾታ፦ ሴት ዕድሜ፦ 54
ሥራ፦ የሩዝ ኑድል ሻጭ
አድራሻ፦ ዩናን፣ ሺዋን ከተማ፣ የማዕድን ሠራተኞች ሰፈር
ቃል የተሰጠበት ጊዜ፦ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 2013፣ ከጠዋቱ 4፡20 ሰዓት

ተጠርጣሪውን ዱዋን ጂፉን ታውቂዋለሽ ወይ ተብዬ ለተጠየቅኩት፦ አዎ፣ ስድስት ዓመት አውቀዋለሁ። ሁለታችንም የሄሮይን ሱሰኞች ነበርን። ከሱሱ የሚያላቅቀንን ሜታዶን በየቀኑ ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት በክሊኒኩ መስኮት ተሰልፈን እንጠጣለን። ወደ ቤት ይዞ መሄድ ክልክል ነው። ነርሷ ፊት ጠጥተን፣ አፋችን ባዶ መሆኑ እንዲታወቅ ስማችንን ጮክ ብለን እንናገራለን። ስድስት ዓመት ሙሉ ስሜን ለመስኮት ስናገር ኖሬያለሁ፤ አላፍርበትም።

ጂፉ መድኃኒቱን በኮዳ አውጥቶ ሊሸጥ ሲል ተያዘ መባሉ ሐሰት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሰልፉ ላይ እናቱ ገጠር እንደሞተችበት ነገረኝ። በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ቀብሩ ደግሞ እሑድ ነበር። በእነሱ አገር አስከሬን ከቤት ሲወጣ የበኩር ልጅ መንገዱ ላይ ይደፋና ሣጥኑ በላዩ ያልፋል፤ ለእናቱ ድልድይ ይሆናል። ጂፉም "እትዬ፣ መድኃኒቱ ከቀረብኝ ከሥሯ እንቀጠቀጣለሁ። ዘመዱ ሁሉ 'ያው ሱሰኛው!' ሊለኝ ነው" አለኝ። "ዝም በል አንተ ሞኝ፣ በሩ ጋ ጠብቀኝ" አልኩት።

ተራዬ ሲደርስ ግማሹን ዋጥኩ፤ ግማሹን ሻይ የምጠጣ መስዬ ባዶ ኮዳዬ ውስጥ ተፋሁት፤ ኮዳውን በሩ ጋ ለጂፉ ሰጠሁት። ሲስተሯ አላየችም፤ እሷ ምንም ጥፋት የለባትም።

ዛሬ ጠዋት ጂፉ ከሰልፉ አጠገብ ኮዳዬን በሁለት እጁ እየሰጠኝ "እትዬ፣ አልተንቀጠቀጥኩም። የተረፈው ያንቺ ነው" ሲለኝ ፖሊሶች ያዙት። ሊሸጥ የመጣ ሰው የተረፈውን ለባለቤቱ ይመልሳል? አይጥ በበላ ዳዋ አይመታም። የኮዳው ቂጥ ላይ ቀይ ፕላስተር አለ፤ የቤቴ ዕቃ ሁሉ ላይ እንደዚያው አለ። ገልብጣችሁ እዩ።

መርማሪው ብዕሩን አስቀምጦ፣ "እናቴ፣ ይህን ከጻፍኩት በእሱ ፋንታ አንቺ ነሽ ሁለት ዓመት የግዳጅ ማገገሚያ የምትገቢው። ልተወው?" ሲለኝ፣ "ጻፈው ልጄ። አንድ ፊደል እንዳትዘል" ብያለሁ። ጂፉ ተለቆ ነገ ጠዋት ሰልፉ ላይ ይገኝ።

ቃሌ ተነቦልኛል፤ እንዳልኩት ነው የተጻፈው፣ እውነት ነው። አፌ ውስጥ የቀረ ነገር እንደሌለ እንዲታወቅ ስሜን ጮክ ብዬ ተናግሬ አሻራዬን አኑሬያለሁ።

ኮንግ ሹዩን (ቀይ አሻራ)
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ኢንስፔክተር ሺ ዌንቦ (ፊርማ)