ከማሽኑ ላይ የጠፋው ፈተና

የትምህርት ቤታችንን ኮምፒውተሮች የቆለፍኳቸው እኔ ነኝ። ተማሪው ጌም እየጫነ ሲያስቸግረኝ፣ ማሽኑ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር አዲስ የገባውን ሁሉ የሚያጠፋ ፕሮግራም ጫንኩባቸው። ሥራችሁን ፍላሽ ላይ ያዙ ብዬም በር ላይ ለጥፌያለሁ።

የአማርኛ መምህራችን ግን ማስታወቂያዬን አላዩም። በልጅነታቸው ጣራ ገዳም አካባቢ ዳዊቱንም ቅኔውንም በቃላቸው የተማሩ ሽማግሌ ናቸው። የነገውን ፈተና ሲተይቡ ውለው፣ የመጀመሪያውን ገጽ እንዳተሙ መብራት ሄደ። ሲመለስ ማሽኑ ባዶ ነው። 

"የኔታ፣ የጻፉት ሁሉ ጠፍቷል" አልኳቸው።

"ከእሱ ነዋ የጠፋው። በል ተቀመጥና ጻፍ።"

ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያስጽፉኝ ጀመር፤ ጥያቄውን፣ ምርጫውን፣ ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር። ስንጨርስ ቀድማ የታተመችውን ገጽ ከስክሪኑ ጋር አስተያየሁ። አንዲት ፊደል አልተዛነፈችም። 

ፍላሼን አውጥቼ ስሰካ አዩኝ።

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

"እንዳይጠፋብዎት ላስቀምጥልዎት ብዬ ነው።"

"ለራስህ አስቀምጥ" ብለውኝ ጋቢያቸውን እያጣፉ ወጡ።