ጨው ገዝቼ እመጣለሁ

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፤ ደብረ ብርሃን፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት የኪራይ ክፍል፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛዋ ወለላ ከሥራ እንደገባች ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሣፋ ውስጥ ነክራለች፤ ከደነባ ገጠር ረፋድ ላይ የደረሱት እናቷ ወይዘሮ ደብሪቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ያዩዋታል።

ደብሪቱ፦ እንግዳ አስቀምጣ የራሷን እግር የምታጥብ ባለቤት፣ ዕድሜ ሰጥቶኝ ዛሬ አየሁ!

ወለላ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል የእኔ ሰዓት ነው። ቀጥዬ እርስዎን አጥብዎታለሁ።

ደብሪቱ፦ ቀጥዬ! ይኼ እግር ከደነባ ድረስ አቧራ ተሸክሞ መጥቶ ተራ ይጠብቅ? እኛ አገር ለማያውቁት መንገደኛ እንኳ ውሃ ይሞቃል።

ወለላ፦ ለመንገደኛ ይሞቃል፤ እውነት ነው። ለዚህችኛዋ ግን ያሞቀላት አልነበረም።

ደብሪቱ፦ ለየትኛዋ? ከእኔና ከአንቺ ሌላ ማን አለ እዚህ?

ወለላ፦ ለእኔ ማለቴ ነው። ሲስተር ፀዳለ እንደ ሌላ ሰው አድርገሽ ተንከባከቢያት ብላኛለች።

ደብሪቱ፦ እሷ ደግሞ ማን ናት?

ወለላ፦ የጤና ጣቢያው ነርስ። የምክር አገልግሎት የምትሰጠው እሷ ናት። በየረቡዕ እሄዳለሁ።

ደብሪቱ፦ ምን አመመሽና?

ወለላ፦ ምንም አላመመኝም። የወሰደኝም እሱ ነው። መተኮሻው እጄን ሲያቃጥለው ያወቅሁት ሽታው ሲመጣ ነበር። የፈረቃ አለቃዬ ደንግጣ በግድ ወሰደችኝ።

ደብሪቱ፦ አሳዪኝ እስቲ። በሥላሴ! ይኼን የሚያህል ጠባሳ ይዘሽ አንዲት ቃል አትነግሪኝም?

ወለላ፦ ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር። የመጡት ግን ለታናሽ ወንድሜ ሠርግ ሊጠሩኝ ነው።

ደብሪቱ፦ መጥራቴ ጥፋት ሆነ? ጥር ሃያ ነው፤ ዳሱ ሊጣል ነው። ገና ከበር ስትገቢ ጀምሮ እለምንሻለሁ፣ አንቺ ‘አስብበታለሁ’ ትይኛለሽ። ሙሽራ ሲወጣ ታላቅ እህቱ ከሌለች ሰው ምን ይላል?

ወለላ፦ በአባቴ ለቅሶ ጊዜ ያለውን ይላል።

ደብሪቱ፦ እሱን አታንሺብኝ! ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ እንደ አጥር እንጨት ቀጥ ብለሽ ቆምሽ። አልቃሿ እንኳ ደረቷን መምታቱን ትታ ‘ይህቺ ልጅ የማን ናት?’ ብላ ጠየቀች።

ወለላ፦ ሰምቻታለሁ። መልሱን እኔም ስፈልገው ነበር።

ደብሪቱ፦ ሰው ለአባቱ እንባ ያጣል?

ወለላ፦ ፈልጌው ነበር። አልመጣም። አባቴን ስለምጠላው አይደለም፤ የምጠላው ሰው የለም። የምጠላበትም ቦታ የለኝም።

ደብሪቱ፦ ጠበል ብትጠመቂ በዳንሽ ነበር።

ወለላ፦ ተጠምቄአለሁ። ሌላው በብርዱ ሲጮኽ እኔ ተራዬን ዝም ብዬ ጨረስኩ። አጥማቂው ‘እንዴት ያለች ጽኑ ናት’ ብለው አደነቁኝ።

ደብሪቱ፦ እና ነርሷስ ምን መድኃኒት ሰጠችሽ?

ወለላ፦ የሚዋጥ አልሰጠችኝም። ከሥራ ስገባ ጫማዬን አውልቄ እግሬን በሙቅ ውሃ እታጠባለሁ። ቆሜ ከድስት መጉረስ ትቼ ቁጭ ብዬ በሳህን እበላለሁ። ጧት ስወጣ ደግሞ መስታወቱ ፊት ቆሜ የምመለስበትን ሰዓት እናገራለሁ፤ በተናገርኩት ሰዓትም እመለሳለሁ።

ደብሪቱ፦ ለማን ነው የምትናገሪው?

ወለላ፦ ሰባት ዓመት ለሆናት ወለላ።

ደብሪቱ፦ ወይ ጉድ! ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዘመን ያስተማሯት? እግርሽን ታጠቢ፣ ቁጭ ብለሽ ብዪ ለማለት? ይኼንንማ እኔ መሃይሟ በነገርኩሽ!

ወለላ፦ ቢነግሩኝ ጥሩ ነበር።

ደብሪቱ፦ ምላስሽ አልደነዘዘም፣ እግዜር ይመስገን። ያ ደብተር ደግሞ ምንድን ነው?

ወለላ፦ በየቀኑ የተሰማኝን እጽፍበታለሁ።

ደብሪቱ፦ አንብቢልኝ እስቲ።

ወለላ፦ ሰኞ፦ ምንም። ማክሰኞ፦ ምንም። ረቡዕ፦ ትንሽ ደከመኝ። ሐሙስ፦ ምንም።

ደብሪቱ፦ ለዚህስ ደብተር ማበላሸት ነው! ረቡዕን እንኳ ደህና አገኘሽ።

ወለላ፦ ሲስተርም በረቡዕ ደስ ብሏታል።

ደብሪቱ፦ አትሳቂም እንኳ ስትናገሪው። ሣፋው ደግሞ እንፋሎቱን ተመልከቺ፤ ትቀቀያለሽ!

ወለላ፦ ሕፃን ሲታጠብ እንደሚደረገው በክርኔ ለክቼዋለሁ። በእግሬ አልለየውም።

ደብሪቱ፦ ግን ለምን እግር? ሰው የሚታመመው ራሱን አይደል? ራስሽን ብታስታጥብሽ አይሻልም ነበር?

ወለላ፦ ጫማ ስለማላወልቅ ነው። እስካለፈው ግንቦት ድረስ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን አላወልቅም ነበር። አንዳንድ ቀንም ከነጫማዬ እተኛለሁ።

ደብሪቱ፦ ምን ይመጣል ብለሽ? ጦር?

ወለላ፦ እርስዎ ይመጣሉ ብዬ። ‘ጫማሽን እንዳታወልቂ፤ ጨው ገዝቼ እመጣለሁና አብረን እንሄዳለን’ ብለውኝ ነበር።

ደብሪቱ፦ የቱን ጫማ?

ወለላ፦ አዲስ ኮንጎ ጫማ ነበር፤ ሰማያዊ። እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ አክስቴ እልፍነሽ ደጃፍ፣ ድንጋዩ ላይ አስቀመጡኝ። አክስቴ በሦስተኛው ቀን በግድ ስታወልቀኝ የተረከዜ ቆዳ አብሮ ወጣ።

ደብሪቱ፦ ልጄ፣ ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም።

ወለላ፦ ለእኔ አላለፈም፣ እማማ። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል።

ደብሪቱ፦ እማማ፣ እማማ! እማማ የምትለኝ የጎረቤት ልጅ ናት። ደግሞ እኔ ምን አጠፋሁ? ልጅ ሲለዩት ተሰውሮ መሄድ ድሮም የነበረ ነው። እናቴም ከአያቴ ቤት ስትተወኝ ‘እንጨት ለቅሜ ልምጣ’ ብላ ነው የሄደችው። እንዳታለቅሺ ብዬ ነበር!

ወለላ፦ ተሳክቶልዎታል። አላለቀስኩም። እስከ ዛሬም አላለቀስኩም።

ደብሪቱ፦ አንቺ የምታውቂው ድንጋዩን ብቻ ነው! አባትሽ በዚያ ሳምንት ሽማግሌ ተቀብሎ ነበር። በሰባት ዓመትሽ ቃል ሊሰጥብሽ፣ በዘጠኝሽ ሊድርሽ። ይኼን ማን ነገረሽ?

ወለላ፦ አክስቴ ነግራኛለች፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ።

ደብሪቱ፦ ታዲያ ስታውቂው ነው የምትከሺኝ? ከዚያ ያሸሸሁሽ እኔ አይደለሁም? ‘ጠፋችብኝ’ ብዬ ገብቼ አባትሽ በዱላ ያጎበጠውን ጀርባዬን ላሳይሽ?

ወለላ፦ ስላሸሹኝ አመሰግንዎታለሁ። ተምሬአለሁ፤ የራሴ ቤትና የራሴ ሣፋ አለኝ። እኔን ማሸሽዎ አልጎዳኝም። የጎዳኝ ጨው ነው።

ደብሪቱ፦ ለአንዲት ቃል ይኼን ሁሉ ዓመት?

ወለላ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ደብሪቱ፦ ማን ረሳ? ማን ነው የረሳው? ከአክስትሽ ቤት ፊት ለፊት ወፍጮ ቤት ነበር፤ ታውቂዋለሽ?

ወለላ፦ አሁን መድኃኒት ቤት ሆኗል።

ደብሪቱ፦ ከግድግዳው ጥግ ነበርኩ። እስኪመሽ። የደነባው መኪና ጥሎኝ ሄደ፤ ዱቄቱ ላዬ ላይ እየወረደ ነጭ ሆንኩ፤ ባለወፍጮው ‘እመቤቴ፣ እህል ካላመጡ ገለል ይበሉ’ ቢለኝ አልሰማሁትም። አንቺ ድንጋዩ ላይ ነሽ። ነጠላ የለበሰች ሴት ባለፈች ቁጥር ብድግ ትያለሽ። ካለፈች በኋላ ትቀመጫለሽ። ደግሞ ብድግ።

ወለላ፦ ያዩኝ ነበር?

ደብሪቱ፦ አንድ ጊዜማ ‘እማዬ’ ብለሽ ተጣራሽ። ሌላ ሴት ነበረች።

ወለላ፦ እርስዎ እዚያው ሆነው።

ደብሪቱ፦ ብወጣ ይዤሽ ነው የምመለሰው፤ ይዤሽ ብመለስ ትዳሪያለሽ። እግሬ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስሬ ቆምኩ።

ወለላ፦ ጨውስ?

ደብሪቱ፦ የምን ጨው?

ወለላ፦ ገዙ?

ደብሪቱ፦ በማግስቱ ገዛሁ። ገበያ ሄድኩ ብዬ ባዶ እጄን እገባለሁ? ከዚያ ወዲህ ግን ጨው በእጄ ገዝቼ አላውቅም፤ ጎረቤት ነው የምልከው። ጎረቤት የረሳ ለት ወጤ አልጫ ይሆናል፤ አባትሽ እንኳ ሙያ የለሽም እያለኝ ሞተ።

ወለላ፦ ውሃው ቀዝቅዟል።

ደብሪቱ፦ ምን አልሽ?

ወለላ፦ ውሃው ቀዝቅዟል። እግሬን በረደኝ።

ደብሪቱ፦ ታወቀሽ?

ወለላ፦ ታወቀኝ መሰለኝ። ደብተሩን ያቀብሉኝ።

ደብሪቱ፦ ደብተሩ ይቆይ! እግርሽን አውጪ። ፎጣውን ወዲህ በይ፤ እኔ ላድርቀው።

ወለላ፦ ነውር ነው። እናት የልጇን እግር? በዚያ ላይ የእርስዎን አጥባለሁ ብያለሁ።

ደብሪቱ፦ የእኔ እግር አቧራውን ለምዶታል። ዝም በይና ስጪኝ። ያ ተረከዝ የትኛው ነው?

ወለላ፦ ግራው።

ደብሪቱ፦ ይኸው… አለ አሁንም። እኔን! እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ቀርቷል።

ወለላ፦ ቫዝሊኑ መስኮቱ ላይ ነው። ቀስ አድርገው ይቀቡኝ፤ ይኮረኩረኛል።

ደብሪቱ፦ ይኮርኩርሽ! ይኮርኩርሽ የኔ ልጅ፤ እሱንም ጻፊው።

ወለላ፦ ዐሥር ሰዓት ሆኗል። የመጨረሻው መኪና ከሩብ ሰዓት በኋላ ይነሳል።

ደብሪቱ፦ ደረሰ እንዴ? እንግዲያው… እስቲ ጎረቤትሽ ዘንድ ብቅ በይና መንገድ ላይ የምጠጣው ውሃ አምጪልኝ።

ወለላ፦ ውሃ እዚሁ አለ፤ ጀሪካኑ ሙሉ ነው። ፕላስቲኩንም ሞልቼልዎታለሁ።

ደብሪቱ፦ እንግዲያው ወጣ በይና መኪናው መምጣቱን እይልኝ።

ወለላ፦ በመስኮቱ ይታያል፤ ቆሟል። እማማ፣ እንድወጣልዎት ነው የሚፈልጉት?

ደብሪቱ፦ ልማድ ነው። ሁሉንም እንዲሁ ነው የምለያቸው። ይኼ የሚያገባው ወንድምሽ ለውትድርና ሲሄድ እንኳ ‘ከብቶቹን ላስገባ’ ብዬ ጓሮ ተደበቅሁ። በዚያ ሰዓት ከብቶቹ መስክ ነበሩ፤ እሱም ያውቃል።

ወለላ፦ ለሠርጉ እመጣለሁ።

ደብሪቱ፦ እል…ል…

ወለላ፦ ይቆዩ፤ ገና አይጨርሱት። መምጣቴን ከሌላ ነገር ጋር አላያያዝኩትም፤ ወንድሜ ስለሆነ እመጣለሁ። አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ።

ደብሪቱ፦ ግማሽ ግዛቴን ጠይቂኝ! ጊደሯን ትፈልጊያለሽ?

ወለላ፦ በሩ ላይ ቆመው፣ ዓይኔን እያዩ ‘እሄዳለሁ’ ይበሉኝ።

ደብሪቱ፦ ይኸው እየሄድኩ አይደል? ታዪኝ የለም እንዴ?

ወለላ፦ አያለሁ። መስማት ነው የምፈልገው።

ደብሪቱ፦ ‘ደህና ሁኚ’ ብልሽስ?

ወለላ፦ እሱ ለባለሱቁም ይባላል።

ደብሪቱ፦ ‘ጥር ሃያ እንገናኛለን’ ብልሽስ? ይኼ ይሻላል፤ ተስፋ አለበት።

ወለላ፦ ጨውም ተስፋ ነበረበት።

ደብሪቱ፦ ጡሩምባውን ነፋ! ሰማሽ? ነጠላዬን አቀብዪኝ።

ወለላ፦ እነሆ።

ደብሪቱ፦ ምላሴ ታሰረ፣ ወለላ። እሄዳለሁ ብሎ ልጁን ዓይን ዓይኑን የሚያይ የሚሞት ሰው ነው። እናቴም እንኳ ስትሞት አላለችኝም፤ ‘ትንሽ ልተኛ’ ነው ያለችኝ።

ወለላ፦ እማዬ።

ደብሪቱ፦ እማዬ አልሽኝ?

ወለላ፦ እማዬ፣ ወደ ታች እዪ፤ ባዶ እግሬን ነኝ። አልከተልሽም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጬም አልጠብቅሽም። እሄዳለሁ በይኝና ሂጂ።