ልጅዎ ቋንቋ የላትም የተባሉት ወይዘሮ ዜናይዳ

እኅታችን ወይዘሮ ዜናይዳ ሜሪኖ ከአባታቸው ከአቶ ቲቡርሲዮ ሜሪኖና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካሲሚራ ሎፔዝ እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1962 በኦአሃካ ተራሮች ላይ ተወለዱ። ቤተሰቡ የዘንባባ ባርኔጣ እየጎነጎነ የሚኖር ሲሆን፣ በቤቱ የሚነገረው ስሙ «የዝናብ ቃል» ማለት የሆነው የራሳችን ቋንቋ ብቻ ነበር፤ ስፓኒሽ የሚሰማው ገበያና ትምህርት ቤት ነው።

ዕድሜያቸው ሲደርስ በመንደሩ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። በዚያ ዘመን በክፍል ውስጥ የቤቱን ቋንቋ የተናገረ ልጅ ፀሐይ ላይ ይቆም ስለነበር፣ እሳቸውም ብዙ ቀን ቆመዋል። አንደኛውን ቀን የቆሙት በእኔ በታናሽ ወንድማቸው በአርኑልፎ ምክንያት ነው፤ ጥፋታቸውም «ና፣ አፍንጫህን ልጥረግልህ» ማለታቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1982 ከአቶ ፊደንሲዮ ሳንቶስ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ወደዚህ ወደ ካሊፎርኒያ ሸለቆ መጡ፤ ወይንና ቲማቲም እየለቀሙም ጎጆ ቀለሱ። በ1986 አንድ ልጃቸውን ያዲራን ወለዱ።

ያዲራ አምስት ዓመት ሞልቷት ለምዝገባ በሄዱ ጊዜ፣ በቤት የሚነገረው ቋንቋ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ቅጽ ተሰጣቸው። አብረዋቸው የሄዱት አበልጃቸው ወይዘሮ ኦቲሊያ ነገሩን ያውቁት ስለነበር ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው፣

«አበልጄ፣ እንግሊዝኛ ነው ብለሽ ጻፊና ገላግያት። ያለዚያ የእንግሊዝኛ ለማጆች ክፍል ከተው ይረሷታል» አሏቸው።

«ትምህርቷን በውሸት ላስጀምራት?»

«ሁሉም ይጽፋል እኮ። እፍረቱን የማይችለውም ስፓኒሽ ብሎ ይጽፋል።»

እኅታችን ግን በዚያች አራተኛ ክፍል በቀረች የእጅ ጽሑፋቸው የቋንቋችንን ስም ጻፉ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ከዝርዝሯ ላይ ፈልጋ ባጣችው ጊዜ ስፓኒሽ ብላ መዘገበችው። ልጅቱ በእንግሊዝኛ ብትጠየቅ ዝም፣ በስፓኒሽ ብትጠየቅ ዝም አለች፤ ከሳምንት በኋላም ተማሪዋ በሁለቱም ቋንቋ የመናገር ችሎታ እንደሌላት የሚገልጽ ደብዳቤ ቤት ደረሰ። እኅታችን ደብዳቤውን ይዘው ተመልሰው በመሄድ ትርጉሙን ቢጠይቁ፣ ሠራተኛዋ «ልጅዎ ቋንቋ የላትም ማለት ነው» አለቻቸው።

«ታዲያ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬን የምታደነቁረኝ በምንድነው?» አሉ።

ይህን ሲያወሩልን ሁልጊዜ ያስቁን ነበር፤ ያን ዕለት ግን ከትምህርት ቤቱ በር ጀምሮ ቤት እስኪደርሱ ማልቀሳቸውን ባለቤታቸው ነግረውኛል።

ከዚያ በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ገብተው እንግሊዝኛ መማር ጀመሩ፤ በ1994 በዚያው ትምህርት ቤት በወጥ ቤት ሠራተኝነት ተቀጠሩ፤ በትጋታቸውም ከሦስት ዓመት በኋላ የክፍል ረዳት ሆኑ። ያዲራም በእንግሊዝኛ ትጫወት፣ ትከራከር፣ አባቷንም ታርም ጀመር። ሆኖም ሰባተኛ ክፍል ስትደርስ ክላርኔት ለመማር ብትመዘገብ፣ ያ ሰዓት ለለማጆች የተመደበ የቋንቋ ክፍለ ጊዜ ነው ተብላ ተከለከለች። ቤት ገብታ ቦርሳዋን ወርውራ፣

«እማ፣ ያንን ቅጽ ለምን እንደዚያ ሞላሽው? እንደ ሰው እንግሊዝኛ ብትዪ ምን ነበረበት?» አለቻቸው።

እኅታችን በማግስቱ የልጃቸው ፋይል እንዲወጣላቸው ጠየቁና ከወጥ ቤቱ ጀርባ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈቱ አነበቡት። አንድ ልጅ ለማጅ መባሉ ቀርቶ አቀላጥፎ ተናጋሪ እንዲባል ፈተናውን ማለፍ፣ መምህሩ አስተያየት መሙላት፣ ወላጅም ተጠርቶ መመካከር ነበረበት። ያዲራ ፈተናውን አምስተኛ ክፍል ሳለች አልፋዋለች። የመምህሯ አስተያየት ግን ባዶ ነበር፤ እሳቸውንም የጠራቸው ሰው አልነበረም።

ወረቀቱን ይዘው የአምስተኛ ክፍል መምህሯ ወደነበሩት ወደ ወይዘሪት ሊንድስትሮም ሄዱ። ወይዘሪቷ ብዙ አዩት፤ ከዚያም «ወይዘሮ ሜሪኖ፣ ይህ የኔ ጥፋት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ መሳቢያዬ ውስጥ ቀርቷል» አሏቸው። እኅታችን ሊቆጡ ሄደው፣ ሴትዮዋ ጥፋቱን በራሳቸው አፍ ሲያምኑ በሰሙ ጊዜ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«የኔንስ አገኘሁት» አሉ፤ «የሌሎቹስ ልጆች?»

ርዕሰ መምህሩም ፈቅደውላቸው፣ ሁለቱ ሴቶች ያንን የጸደይ ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኙ መዝገብ ሲያገላብጡ ከረሙ። እንደ ያዲራ አልፈው ሳሉ አንድ ፊርማ ጎድሏቸው የቀሩ ሠላሳ አንድ ልጆች አገኙ። እኅታችን በየወላጁ በር እየዞሩ በየቋንቋው አስረድተው አስፈረሙ። ያዲራም ክላርኔቷን ያዘች፤ ከእናቷም ጋር ታረቁ።

ከ2001 ጀምሮ ለዐሥራ ስምንት ዓመታት የትምህርት ቤቱ የቋንቋ ፈታኝ ሆነው አገለገሉ። በመልስ መርዳት ክልክል ስለነበር አይረዱም፤ ነገር ግን በፍርሃት አፉ የሚያዝ ልጅ ሲኖር በዋዜማው ክፍሉን እንዲያይ፣ ወንበሩ ላይም እንዲቀመጥ ያደርጉ ነበር። ቅጹም ላይ የቋንቋችን ስም በራሱ መስመር እንዲገባ አድርገዋል።

እዚህ ላይ የራሴንም ነገር ልናገር፤ ያዲራ ለዛሬ በጻፈችልኝ ማስታወሻ ላይ ባይኖርም እኔ ጨምሬዋለሁ። በ2006 ልጄን ኦስዋልዶን ፈትነውት ወደቀ። እኔም ቤታቸው ሄጄ፣ «እትዬ፣ ለሠላሳ አንድ ሰው ልጅ የሮጥሽ ለወንድምሽ ልጅ ሁለት ነጥብ ታጫለሽ?» አልኳቸው።

«አርኑልፎ፣ ልጅህ ይናገራል እንጂ ገና አያነብም። አልፏል ብዬ ብለቀው የሚያስጠናው ሰው አይኖርም፤ ያኔ ነው የሚጠፋብህ። ለማጅ መባል ነውር አይደለም። ነውሩ በዚያው መረሳት ነው።»

ተቆጥቼ ወጣሁ፤ እስከ ወይን ለቀማው ማብቂያም አላናገርኳቸውም። እሳቸው ግን ሳልጠይቃቸው ዘወትር ማክሰኞና ሐሙስ ኦስዋልዶን ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ያስነብቡት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ልጁ በራሱ አለፈ። ዛሬ አስከሬናቸውን ተሸክመው ከገቡት አንዱ እሱ ነው።

እኅታችን በኩላሊት ሕመም ከተያዙ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በሆስፒታል ተኝተው ሳሉ እንኳ ነርሶቹን በእኛ ቋንቋ ደኅና አደራችሁ ማለት አስተምረው፣ የተሳሳተውን እየሳቁ ያርሙት ነበር። በመጨረሻው ሰሞን አጠገባቸው ተቀምጬ «እትዬ፣ ይቅር በይኝ» ብላቸው፣ «የትኛውን?» አሉኝ። ስቀን ስናበቃም እጄን ይዘው እንቅልፍ ወሰዳቸው። እ.ኤ.አ. የካቲት 11 ቀን 2024 በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል።

ወይዘሮ ዜናይዳ በአርባ ሁለት ዓመት ትዳራቸው አንድ ቀን ያልተለዩአቸውን ባለቤታቸውን አቶ ፊደንሲዮን፣ ልጃቸውን ያዲራን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አበልጃቸውን ወይዘሮ ኦቲሊያን፣ ወዳጃቸውን ወይዘሪት ሊንድስትሮምን፣ እኔን ወንድማቸውንና ቤተሰቤን፣ እንዲሁም ከኋላ ወንበር አጥታችሁ የቆማችሁትን፣ አንድ ቀን ከፊታቸው ተቀምጣችሁ የተፈተናችሁትን ሁሉ ትተው ሄደዋል።

የሰውን ሁሉ ልብ የሚሰማ አምላክ የእኅታችንን ነፍስ ተቀብሎ በዕረፍቱ ስፍራ ያኑርልን፤ ለያዲራ መጽናናትን ይስጣት፤ አቶ ፊደንሲዮም ዛሬ በሩን ከፍተው ብቻቸውን ሲገቡ እሱ አብሯቸው ይግባ። አሜን።